የነገረ ውሃ ይቀዳል፤ ከሾላ እስከ እንጦጦ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣሁት የሰው ምስጢር ልሰርቅ ነው ብል አልዋሸሁም። ለባለቤቴ "ልጅቷ የእንጦጦን አየር ትቀበል" ነው ያልኩት። እውነቱ ግን ጎረቤቴ ትርሲት በየቅዳሜው ልጇን ይዛ የምትጠፋበትን ቤት በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። የምንኖረው ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። የኔ ፌበንና የትርሲት ሜሮን እኩያ ናቸው። ሁለቱም ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ የሚማሩትም አንድ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንድ ክፍል ነው። ሜሮን ታነባለች፣ የኔዋ አታነብም። አስተማሪያቸው ሰኞ ዕለት ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነበበች ልትሰማ ነው። ማንበብ ያቃተው አንደኛ ክፍል አይገባም፣ እዚያው ይደግማል ተብለናል። በመስከረም ሜሮን አዲስ ዩኒፎርም ለብሳ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ የኔ ልጅ ከትንንሾቹ ጋር አጥር ይዛ ስትቀር ይታየኝና እህል አልወርድ ይለኛል።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። በርበሬና ቅመም አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ቢሆንም ለልጄ አልሰነፍኩም። የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ጠዋትና ማታ በእንጨት እየጠቆምኩ ከሀ እስከ ፖ አስጠንቻታለሁ። ፌበን ያን ሁሉ ፊደል እንደ መዝሙር ትወርደዋለች፤ አንዲት አትስትም። ሰኞ የሚነበበው የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ነው ሲባል ስሰማ ደግሞ ገጹን በቃሏ አስያዝኳት። ያም ሆኖ ውስጤ አልረጋ አለ።

ትርሲትን "የት ነው የምታስጠኛት?" ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።

"የትም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ጋ እወስዳታለሁ፣ በቃ" ትለኛለች።

አላመንኳትም። ሰው ጥሩ አስጠኚ ሲያገኝ ለጎረቤት አይናገርም፤ እኔም ብሆን አልናገርም። ትርሲት ሹሩባ ቤት አላት፣ ቦርሳ ታንጠለጥላለች፣ ወሬዋ መሃል "ኦኬ" እና "ፕሊስ" ጣል ታደርጋለች። አስራ ሁለተኛን የጨረሰች ሴት ናት ብዬ ነው የማስባት። "የተማረች ስለሆነች ነው ልጇ ያነበበችው" እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ተጽናንቼ ደግሞ እንደገና እቀናለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን እሷው ራሷ "ወርቅዬ፣ ቅዳሜ ለምን አብረን አንሄድም? ልጆቹ ይጫወታሉ" አለችኝ። ሳላስጨርሳት እሺ አልኳት።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሾላ

ሰኔ ስለገባ ገበያው ጭቃ ነው። የሽንኩርት ከረጢት የሚያወርዱት ሰዎች "ጎን! ጎን!" እያሉ ይገፉናል። በእጄ ለአባቷ የያዝኩት ግማሽ ኪሎ የራሴ በርበሬ አለ። ታክሲዎቹ ጋ ስንደርስ ትርሲት ቆመችና ልጇን፣

"ሜሪ፣ የኛ የቱ ነው?" አለቻት።

ሜሮን አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ከታክሲው ጣሪያ ላይ የመንገዱ ስም የተጻፈበትን ታፔላ ማየት ጀመረች። "ቀ... በ... ና። ቀበና! ያ ጥግ ላይ ያለው!"

አጠገባችን የነበሩ ሴትዮ "እሰይ የኔ ልጅ! ይቺ ከማን ማህፀን ነው የወጣችው?" አሉ። ትርሲት ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታዬ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ሰው ፊት ልጇን ለማሳየት ሆን ብላ ያደረገችው ነው የመሰለኝ።

ገብተን ስንቀመጥ ረዳቱ ልጆቹን አያቸው። "ልጆቹ ጭን ላይ፣ ካልሆነ ሒሳብ ነው!"

"ጭናችን ላይ አይደሉም እንዴ?" አለች ትርሲት። "ወይስ አንተም ልትመጣ ነው?"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ስቆ ለሁለት ሰው ብቻ ሃያ ሃያ ብር ተቀበለን።

መንገድ ላይም አላረፈችም። "ሜሪ፣ እዚያ ምን ይላል?" ትላለች። ሜሮን "ጥርስ... ህክምና" ትላለች። "ከጎኑስ?" "ቆይ እማ፣ አለፈ!" ትላለች። እኔ በየማስታወቂያው አንድ አንድ መርፌ እንደሚወጋው ሰው ተቀምጫለሁ። ከዚያ ትርሲት ወደ ልጄ ዞረች።

"ፌቢ፣ ያቺን ቢጫዋን ደግሞ አንቺ አንብቢልኝ እስቲ።"

ፌበን ወደ ማስታወቂያው አልዞረችም። ዞራ ያየችው አፌን ነው። እኔም ከንፈሬን ብዙ ሳላንቀሳቅስ በሹክሹክታ "ዳቦ ቤት" አልኳት።

"ዳቦ ቤት!" ብላ ጮኸች።

"ጎበዝ!" አለች ትርሲት፣ ከልቧ። የኋላ ወንበር ላይ የነበረ ሰው እንኳን አጨበጨበላት። ጭብጨባው ለኔ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደስታውም የተሰረቀ ዕቃ እንደያዝኩ ሆኖ ተሰማኝ፤ ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል።

ወደ ሦስት ሰዓት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ቀበና ላይ ወርደን የፈረንሳይን ታክሲ ያዝን። እሱንም የመረጠችልን ሜሮን ናት። መንገዱ ከዚህ ጀምሮ ሽቅብ ነው። በግራ በቀኝ ትንንሽ የጭቃ ቤቶች፣ የድንጋይ አጥሮች፣ በር ላይ ፌስታል የሰቀሉ ሱቆች አሉ። ታክሲው በማርሽ እየታገለ እያቃሰተ ወጣ።

መጨረሻው ላይ ወርደን ሳምቡሳ ገዛን፤ አንዱ ሃያ ብር ነው። ትኩስ ነበር፣ ምስሩም በደንብ ቃሪያ ገብቶበታል። ልጆቹ እየበሉ ትርሲት ለአባቷ ስኳርና ጨው ልትገዛ ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ሁለት ነጫጭ ከረጢት መደብ ላይ አደረገላት። ትርሲት አንዱን አንስታ ለሜሮን አሳየቻት።

"ሜሪ፣ ይሄ ጨው ነው?"

"ጨ... ው። አዎ።"

አሁንስ በዛ አልኩ። "ሱቅ ውስጥም ፈተና ነው እንዴ፣ ትርሲት? ልጅቷን ታደክሚያታለሽ እኮ!"

"ምን ላድርግ ብለሽ ነው" አለችና ሳቀች። ባለሱቁም ሳቀ። እኔ ግን ጨዋ ሰው በልጁ እንደዚህ አይመጻደቅም እያልኩ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ዳገቱ

ከታክሲው ማቆሚያ በላይ ያለው በእግር ነው። ቀይ አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ያንሸራትታል። ባህር ዛፉ ከሁለት ወገን ይጋጠምና ሰማዩን ይሸፍነዋል፤ ነፋሱ ሲመጣ ከላይ የቀረው የሌሊት ዝናብ አንገታችን ላይ ይረግፋል። ቱታ የለበሱ ሯጮች ትንፋሻቸው እየጨሰ ቁልቁል አለፉን። ዞር ስል ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ቆርቆሮውና ፎቁ ተደባልቆ ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። የኔ ሾላ የትኛው ጥግ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ግማሽ ላይ ፌበን "ደከመኝ" አለች። አዘልኳት። ሜሮን ፊት ፊት በእግሯ ትወጣለች። እዚህም ላይ ቀናሁ፤ የሷ በእግሯ የኔ በጀርባዬ ብዬ። ቅናት አንዴ ከገባ ሁሉን ይለካል።

አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት መንገድ ለቀቁልን። "ደምሴ ጋ ናችሁ?" አሉ።

"አዎ አባባ" አለች ትርሲት።

እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ይቺ አዲስ ናት። ውሃ የሚቀዳ ተገኘ በሉኛ!" ብለው እየሳቁ ወረዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ትርሲትን ብጠይቃት "ስትደርሺ ታውቂዋለሽ" አለች።

አራት ሰዓት ተኩል፣ የአባባ ደምሴ ግቢ

እኔ የጠበቅኩት ጥቁር ሰሌዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መነጽር ያደረገ አስጠኚ ነበር። ያገኘሁት ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌና በጥቁር ላስቲክ የተደረደረ ችግኝ ነው። አባባ ደምሴ የትርሲት አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ችግኝ ጣቢያ ነው የሠሩት፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሥራቸው የየዛፉን ስም በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ እየጻፉ መትከል ነበር። ጡረታ ሲወጡ ግቢያቸውን ችግኝ ጣቢያ አደረጉት።

የሰፈሩ ልጆች ስምንት ያህል ይሆናሉ። ሦስት እናቶችና አንድ አባት ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ አለው። ከችግኙ አጠገብ በእንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ አለ፤ በነጭ ቀለም የልጁ ስም ተጽፎበታል። አባባ ልጆቹን ዓይን ያስጨፍኑና ችግኞቹን ከነስማቸው ያዘበራርቋቸዋል። ከዚያ ልጁ የራሱን ፈልጎ ያጠጣል። ከተሳሳተ የሌላውን ልጅ ዛፍ ያጠጣል፤ ባለቤቱ ልጅ ይጮኽበታል፣ ሁሉም ይስቃል። በቦታው ለምዶት እንዳያውቀው በየሳምንቱ ይቀያየራል። የራሳቸውን ያወቁት የጓደኞቻቸውን ስም፣ ከዚያ የወይራውን፣ የኮሶውን፣ የዋንዛውን ስም ያነባሉ።

"አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለን" አሉኝ አባባ በርበሬዬን ተቀብለው መርቀውኝ ሲያበቁ። "ልጅ ሲፈልግ ትልቅ ሰው አይነግርም። የነገረ ውሃ ይቀዳል።" ቦኖው ከታች ነው፤ ጀሪካኑም ሃያ ሊትር።

እኔ ግን ቸኩያለሁ። ልጄ ምንም የማታውቅ እንዳትመስል ፈርቼ "አባባ፣ የኔዋ ፊደሉን ጨርሳለች፤ ይስሟት" አልኩ። ፌበን እጇን አጣምራ ከሀ እስከ ፖ ወረደችው። አንዲት አልሳተችም። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሟት። "ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ" አሏት። በጎን ትርሲትን አየኋት፤ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ሰፋ።

ከዚያ አንድ የጽድ ችግኝ ሰጧት። ቆርቆሮው ላይ ፌበን ብለው ጽፈው ደጋግመው አሳዩአት። ዓይን ተጨፈነ፣ ችግኞቹ ተዘበራረቁ፣ "ፈልጉ!" ተባለ።

ሌሎቹ ተበተኑ። የኔ ልጅ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ወደ አንዱ ቆርቆሮ ጠጋ ብላ ጣቷን አስቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። "ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ..." ፊደሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ገበታውን ከላይ ጀምራ መውረድ ነበረባት። የስሟ መጀመሪያ ደግሞ መጨረሻው ግድም ነው ያለው። ስታዜም፣ ስታዜም፣ ትንፋሿ ሲያልቅባት ስትውጥ፣ ለ አልፎ፣ መ አልፎ፣ ቀ አልፎ፣ ልጆቹ ሁሉ አጠጥተው ጨርሰው መጥተው ከበቧት። እንደምንም ፌ ላይ ስትደርስ ሁለተኛዋን ፊደል ለማግኘት እንደገና "ሀ፣ ሁ" ብላ ጀመረች።

"ይቺ እስከ ፍልሰታ ልትጨርስ ነው?" አለ አንዱ። ሳቁ።

ፌበን ቀና ብላ አፌን አየች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። አልቻልኩም። "ሦስተኛዋ ናት! ከዋንዛው ቀጥላ ያለችው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ነገረች! ነገረች!" ግቢው ተናወጠ። ግንድ ላይ የተቀመጠው አባት ጀሪካኑን አንስቶ በሁለት እጁ፣ እንደ ሽልማት፣ ጎንበስ ብሎ አቀበለኝ። "እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ። ባለፈው ሳምንት እኔ ነበርኩ።"

የቦኖው መንገድ

ትርሲት ልታግዘኝ ተከተለችኝ። ከግቢው ራቅ እንዳልን ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣልኩት።

"ልታዋርጂኝ ነው ያመጣሽኝ!"

"ምን ሆነሻል፣ ወርቄ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ሜሪ ይሄን አንብቢ፣ ሜሪ ያን አንብቢ! ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ! እንዳየሁልሽ ነው፣ ታነባለች፣ በቃ! የኔዋ ደግሞ እንደማታነብ አሁን አገር ሁሉ አወቀልሽ።"

ትርሲት ጀሪካኑን አነሳችና መንገድ ጀመረች። ተከተልኳት። ንዴቴ ገና አልበረደም።

"እሺ አንቺስ? እዚህ ግቢ ስንት ጊዜ ውሃ ቀድተሻል?"

"እኔ? አንድም ቀን።"

"አንድም ቀን! መልአክ ነሽ እንዴ? የገዛ ልጅሽ ስትጨነቅ እያየሽ አፍሽ አያሳክክሽም?"

"ምን አውቄ ልንገራት፣ ወርቄ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆሜ አየኋት።

"አንደኛ ክፍልን እንኳን አልጨረስኩም" አለች። "እናቴ ታመመች፣ ትልቋ እኔ ነበርኩ፣ ቤት ቀረሁ። በቃ። አባባ መንገር አይፈቀድም ይላል፤ መንገር የማልችለው እኔ ግን ከሁሉም እበልጣለሁ፤ ውሃ ቀድቼ አላውቅም።" ልትስቅ ሞክራ ተወችው።

"ታክሲውስ?"

"ረዳቱ ካልጮኸ የት እንደሚሄድ አላውቅም። ጨውና ስኳሩንም አልለይም፤ አንዴ ወጥ አበላሽቻለሁ። ሜሪን የምጠይቃት ለማሳየት መሰለሽ? ስለማላውቅ ነው የምጠይቃት። ስትሳሳት አብረን ነው የምንሳሳተው። ባለፈው ገርጂ ወስዳን መጥታለች!"

እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። ቦኖው ጋ ተሰልፈን ውሃውን ቀዳን፤ ዳገቱን እየተቀባበልን ተሸከምነው። ስታስተውሉት ቅናቴ እዚህ ላይ መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም፤ ባሰበት። እስከ ጠዋት ድረስ "የተማረች እናት ስላላት ነው" የሚል ማጽናኛ ነበረኝ። ያ ተወሰደብኝ። እኔ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ለልጄ ያልሰጠሁትን፣ እሷ አንዲት ፊደል ሳትለይ ለልጇ ሰጥታታለች። በእንጨት ስጠቁም፣ በጆሮዋ ሳንሾካሹክ፣ ልጄ ፊደሉን ሳይሆን እኔን ማንበብ ነበር የለመደችው።

ምሳ

የተቀቀለ ድንች በኔ በርበሬ ቀረበ። ልጆቹ አቃጥሏቸው እፍ እፍ ሲሉ አባባ ወተት አመጡላቸው። ከጎኔ ተቀምጠው ድንች እየላጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጅሽ ፊደሉን ታውቀዋለች፣ አትዘኝ። ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደቆሙ ነው የምታውቃቸው። አንዷን ብቻዋን መንገድ ላይ ስታገኛት አትለያትም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? ሰኞ ናት ፈተናዋ።"

"በሁለት ቀን ዛፍ አይበቅልም።" ከዚያ ወደ ትርሲት አዩ። ትርሲት ራቅ ብላ የአንዲት ልጅ ፀጉር ትሠራለች። "እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ለዛፍ ስም ስጽፍ ዋልኩ። ማታ ስገባ ይደክመኝ ነበር። የገዛ ልጄ ስሟን መጻፍ ሳታውቅ አደገች። ይሄን የማደርገው ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ ጸጽቶኝ ነው።"

የላጡትን ድንች አቀበሉኝ። ከዚያ "ቅመም ትሸጫለሽ አሉ። ዕቃሽ ላይ ስም አለው?" አሉኝ።

"የለውም። አሽትቼ ነው የማውቀው።"

"ጻፊበት። ከዚያ ልጅሽን አቀብዪኝ በያት። ስትሳሳት በተሳሳተው ሥሪ።"

ከምሳ በኋላ ችግኞቹ እንደገና ተዘበራረቁ። ፌበን አላዜመችም። ዞራ ዞራ አንዱ ጋ ቆመችና "ይቺ የኔ ናት!" አለች። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሰለሞን ነው። ከንፈሬን እስኪያመኝ ነከስኩ። አባባ ግን አጠገቧ ተንበረከኩ። "የትኛዋን አይተሽ ነው?" ሲሏት ጣቷን መጨረሻዋ ፊደል ላይ አደረገች። "ይቺ እኔም ጋ አለች።" አባባ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው አጨበጨቡ። ግቢው ዳር ሜሮን በዚያው ሰዓት ዝግባ የሚለውን አንብባ ወደ ኮሶው እየሄደች ነበር። የኔዋ አንዲት ፊደል፣ የሷ ጫካውን በሙሉ። ሁለቱንም ባንድ ዓይኔ አየሁ።

የመልስ ጉዞ

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ያዘን። በላስቲክ ተከናንበን፣ እየተንሸራተትን፣ ፈረንሳይ ስንደርስ እግራችን እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ታክሲው ውስጥ ትርሲት "ሜሪ፣ ምን ይላል?" ስትል አሁን ድምፁ ሌላ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ፌበን ጭኔ ላይ ሆና በመስኮቱ ትመለከት ነበር። "እማ፣ ያ ምን ይላል?" አለችኝ። ስላወቅኩት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። "እስቲ አንቺ የምታውቂያት ፊደል አለችበት?" አልኳት። ዝም ብላ ስታስብ ማስታወቂያው አለፈ። ሌላ መጣ፣ አለፈ። ሾላ እስክንደርስ አንዲትም አልነገረችኝ፤ እኔም አልነገርኳትም። እንደዚያ ቀን ረጅም የሆነብኝ የሃያ ብር መንገድ የለም።

ባለቤቴ በር ላይ "አየሩ እንዴት ነበር?" አለ።

"ይከብዳል" አልኩት።

እሁድን በቤት ዋልን። ለገጹ ጥናት አልተቀመጥንም። የቅመም ቆርቆሮዎቼ ላይ አብሽ፣ እርድ፣ ኮሰረት ብዬ ጻፍኩና "እርድ አቀብዪኝ" አልኳት። ትክክለኛውን አመጣች! ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። እልል ልል ስል ክዳን እየከፈተች ስታሸት ያዝኳት። የቅመም ነጋዴ ልጅ አይደለች! ክዳኑን በጨርቅ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ በእርድ ፋንታ አብሽ አመጣች፤ የእሁዱ አልጫ መራራ ሆነ፤ ባለቤቴ ዝም ብሎ በላ።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ካላችሁኝ ይኸው ነው። ልጄ እንድታውቅ ሳይሆን እንዳላፍር ነበር ሳስጠናት የከረምኩት። ያልተማራችሁ እናቶች ካላችሁ ደግሞ አትፍሩ፤ ልጃችሁን ጠይቁ፣ ከልባችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ጠብቁ። የተማራችሁት እንደኔ ትንሽ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ለመናገር ይቸኩላል። ቅናቱን በተመለከተ የተማርኩት ነገር የለም።

ሰኞ ዕለት ተራችን ሲደርስ ፌበን የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ውሃ ጠጣችው። አስተማሪዋ "በጣም ጥሩ" ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳች። ዝም ብል አልፋለች። ከሜሮን ጋር እኩል፣ አንድ ክፍል፣ በመስከረም። "ሚስ፣ ሌላ ገጽ ይግለጹላት። ይሄን በቃሏ ያስያዝኳት እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላ ገጽ ተገለጠ። ፌበን ረጅም ጊዜ አየችውና ሦስት ፊደል ብቻ ለየች። አስተማሪዋ የጻፈችልኝ "ክረምቱን ቤት ውስጥ ይሠራ፤ በመስከረም መጀመሪያ እንደገና እሰማታለሁ፤ ያን ጊዜ እንወስናለን" የሚል ነው።

አመሻሽ ላይ ትርሲት በሬን አንኳኳች። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች።

"ሚስ በእጅ ጽሑፍ ነው የጻፈችው፤ ለሜሪ አልገባ አላት። ሌላ ጊዜ ደንበኛ ነበር የማስነብበው፣ መነጽሬን ረሳሁ እያልኩ። አንቺ ግን አሁን ታውቂያለሽ።"

ወረቀቱን ተቀበልኳትና ጮክ ብዬ ጀመርኩ። "ሜሮን ከክፍሉ ልጆች ቀድማ አንብባለች። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት አትደነግጥም፣ ትሞክራለች። አንደኛ ክፍል እንድትገባ ተወስኗል።" አንድ መስመር ቀረ። በዓይኔ ቀድሜ አየሁት። ብዘለው ማንም አያውቅም፤ ትርሲትም አታውቅም፣ ሜሮንም አታውቅም።

"ቤት ውስጥ ታግሶ የሚያዳምጣት ሰው እንዳለ ያስታውቃል፤ እናቷን ሳላመሰግን አላልፍም።"

ትርሲት የበሩ መቃን ላይ ተደገፈች። "እናቷን? እኔን ነው?"

"አንቺን ነው።"

"እስቲ በእናትሽ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ድገሚልኝ።"

እየቀናሁ ደገምኩላት።